በአንድ ፀሐይ ሥር፦ በካራቆሬ መልክዓ ምድር ውስጥ የሰውን መልክ በዘይት ቀለም ስለ መሣል

በመልክዓ ምድር መካከል የተሣለ የሰው ምስል የማያሳምነው ብዙውን ጊዜ መልኩ ባለመመሳሰሉ አይደለም። ሠዓሊው ፊቱን በክፍሉ ውስጥ በመስኮት ብርሃን ያጠናል፤ ተራራውን ከፎቶግራፍ ይገለብጣል፤ ሰውየውና አገሩም በሁለት ፀሐይ ሥር ይቀራሉ። በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይህ ችግር አልነበረም፤ ቅዱሱ የሚቆመው በወጥ ቀለም ፊት እንጂ በተወሰነ የቀን ሰዓት ውስጥ አይደለምና። ጥያቄው የተነሣው ከተፈጥሮ እያዩ መሣል ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ሲመጣ ነው፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም የዚሁ ታሪክ አካል ነው።

በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ካራቆሬ ለዚህ ጥናት ትመቻለች። ከተማዋ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ግርጌ ናት። ጠዋት ፀሐይ ከቆላው በኩል ወጥታ ተራራውንም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረውንም ሰው በአንድነት ታበራለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ሰውየው በጥላ ውስጥ ይቆያል፤ የይፋት ቆላ ገና ያበራል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ናቸው፤ ጠዋት የተጀመረውን ሸራ ማታ መቀጠል አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው የፊት ቀለም ነው። በማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ወጣት ከሰማይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሠዓሊው የፊቱ ዝርዝር እንዳይጠፋበት ሠግቶ ነጭ ይጨምራል፤ ውጤቱም ኖራ የተቀባ የሚመስል፣ የባለቤቱ ያልሆነ ቆዳ ነው። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የተሣለውን ሰው መካድም ነው። መፍትሔው ፊቱን ማንጣት ሳይሆን በጥቁረቱ ውስጥ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ቀለም መለየት ነው፦ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ የሰማዩ ሰማያዊነት ያርፋል፤ ከአገጭ ሥር ደግሞ ከደረቀው አፈርና ከአገዳው የሚመለሰው ሞቅ ያለ ብርሃን ይገባል። ነጠላ ከለበሰ፣ በጥላ ያለው የነጠላው ክፍል ከሰማዩ ይልቅ ሊጠቁር እንደሚችል ልብ ይሏል።

ለመነሻው ኡምበርና አልትራማሪን በቀጭኑ ተቀላቅለው ይበቃሉ፤ ኡምበር በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት ቶሎ ይደርቃል። የተልባ ዘይት የሚበዛበት ንብርብር ከላይ ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ነጭ በመጨረሻ ይገባል፣ ያውም በጥቂቱ። ብርሃኑ ሲለወጥ ብሩሹ ይቀመጣል፤ ሥራው የሚቀጥለው በማግሥቱ፣ በዚያው ሰዓት ነው።