ማነው የሰበረው?
የእንግሊዝኛ ዓምድ፦ የዓረፍተ ነገርን ባለቤትና ግስ መለየት

ዛሬ ትንሽ ጠበቅ ያለ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ሰዋስው ነው። "ሰዋስው ለተማሪ ነው፣ እኔ መግባባት ብቻ ነው የምፈልገው" የምትል እንደማትጠፋ አውቃለሁ። እኔም እንደዛ ነበር የምለው፣ ከደሞዜ እስኪቆረጥ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ በመጣሁ በሦስተኛው ወር የቤቱ ትንሹ ልጅ ሳሎን ውስጥ ኳስ ሲጫወት ትልቁን የክሪስታል ሳህን መትቶ ጣለው። ማዳም ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣችና "ዋት ሃፕንድ?" አለች። እኔ በልቤ "ሰበረው" አልኩ። ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ አዞርኩና "ብሮክ ፕሌት፣ ማዳም" አልኳት። "ዩ?" አለችኝ። "አንቺ ነሽ?" ማለቷ ነበር። እኔ ግን "ገባሽ ወይ?" ያለችኝ መስሎኝ "የስ፣ ማዳም" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ጣቱን ይጠባል! በወሩ መጨረሻ የሳህኑ ዋጋ ተቀንሶ ነው ደሞዝ የተሰጠኝ።

"ዘ ቦይ ብሮክ ዘ ፕሌት" ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የጎደለው "ዘ ቦይ"፣ ማለትም ባለቤቱ ነው። (ባለቤት ስል የማዳምን ባል ማለቴ አይደለም! ድርጊቱን የፈጸመውን፣ ወይም ወሬው የሚወራለትን ማለቴ ነው። በእንግሊዝኛ ሰብጀክት ይሉታል።)

ለምንድን ነው እኛ ባለቤቱን የምንረሳው? ሰነፍ ስለሆንን አይደለም። አማርኛችን ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ደብቆ ስለሚይዝ ነው። ሰበርኩ፣ ሰበርሽ፣ ሰበረ፣ ሰበረች፣ ሰበርን፣ ሰበሩ። የቃሉን ጫፍ ብቻ ሰምተን ማን እንደሰበረ እናውቃለን። አረብኛም በዚህ በኩል ዘመዳችን ነው፤ "ከሰር" ካሉ እሱ ሰበረ፣ "ከሰረት" ካሉ እሷ ሰበረች። እንግሊዝኛ ግን እኔም ብሰብር፣ አንቺም ብትሰብሪ፣ ልጁም ቢሰብር ያው "ብሮክ" ነው። ከፊቱ አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ፣ ዊ፣ ዜይ ወይም የሰውዬው ስም ካልመጣ ማንም የለም። ማንም ከሌለ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ የሚጠረጠረው ሠራተኛዋ ናት።

እንግዲህ ከባለቤቱ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ባለቤቱ የሚነገረው ነው፤ ፕረዲኬት ይሉታል። የፕረዲኬቱ እምብርት ግሱ ነው፣ ትምህርት ቤት "ማሰሪያ አንቀጽ" ሲሉን የነበረው። የኛ ግስ ዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ላይ ያስራል፤ የነሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ መሐል ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ "ምን ተደረገ? ምን ሆነ?" ብላችሁ ግሱን ፈልጉ። ግሱን ስታገኙ "ማን? ምን?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ባለቤቱን ራሱ ይነግራችኋል። "ዘ ቤቢ ድራንክ ዘ ሚልክ"፤ ምን ተደረገ? ድራንክ፣ ተጠጣ። ማን ጠጣ? ቤቢ። አለቀ።

(የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ፊደል የምጽፈው አብዛኞቻችን የምንማረው በጆሮ ስለሆነ ነው። ፊደሉን የምትችሉ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛው ገልብጡት።)

አሁን የሚያሳስተው ጋ ደረስን። "ዘ ኦልድ ማዘር ኦቭ ማይ ማዳም ስሊፕስ ኢን ዘ አፍተርኑን።" ማን ናት የምትተኛው? እዚህ አካባቢ የማስተምራቸው እህቶች ብዙዎቹ "ማዳም" ይሉኛል። አይደለችም፤ የምትተኛው እናትየዋ ናት። የምንሳሳተው አሁንም በአማርኛችን ምክንያት ነው። እኛ "የማዳሜ እናት" ስንል ዋናዋ ሰው፣ እናት፣ መጨረሻ ላይ ትመጣለች። "የመኪናው ቁልፍ" ስንልም ቁልፉ ኋላ ነው። እንግሊዝኛው በ"ኦቭ" ሲያያዝ ይገለበጣል፦ ዋናው ፊት፣ የማን እንደሆነ ኋላ። ስለዚህ ኦቭ፣ ኢን፣ ኦን፣ ዊዝ ከሚሉት ቃላት ኋላ የተንጠለጠለውን በጣታችሁ ሸፍኑት። "ኦልድ" ዓይነት ጌጥ ቃልም ከሆነ አውልቁት። የቀረው ብቻውን የቆመው ስም፣ ማዘር፣ ሲምፕል ሰብጀክት ይባላል። ግሱ ብቻውን ሲቀር፣ ስሊፕስ፣ ሲምፕል ፕረዲኬት ይባላል።

ይህ ለመድኃኒትም ይጠቅማል። "ዘ ቦክስ ኦቭ ሜዲሲንስ ኢዝ ኢን ዘ ፍሪጅ"፤ ባለቤቱ ቦክስ ነው፣ አንድ ስለሆነ ነው "ኢዝ" የተባለው። "ዘ ኪይስ ኦቭ ዘ ካር አር ኦን ዘ ቴብል"፤ መኪናው አንድ ቢሆንም ባለቤቶቹ ቁልፎቹ ስለሆኑ "አር" ተባለ።

አም፣ ኢዝ፣ አርም ግሶች ናቸው። አረብኛን ቀድማ የለመደች እህት እነዚህን ትውጣቸዋለች፤ "አልወለድ መሪድ" ሲባል በመሐል ምንም የለምና። እንግሊዝኛው ግን "ዘ ቦይ ኢዝ ሲክ" ነው። ግስ ከሌለ ዓረፍተ ነገር የለም።

ሲክ ካልን አይቀር፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ። እነዚህን የኛ ቃላት ፍቱዋቸው። ሁሉም መጨረሻቸው "ኝ" ነው፤ እኔ ባለቤት ሳልሆን ተሳቢ ነኝ፤ ራቡ መጥቶ ያዘኝ እንደማለት። በእንግሊዝኛ ግን እኔ ራሴ ባለቤት ሆኜ ከፊት መቆም አለብኝ፦ አይ አም ሀንግሪ፣ አይ አም ተርስቲ፣ አይ አም ታየርድ፣ አይ አም ኮልድ፣ አይ አም ሲክ። አንዲት እህታችን ለሁለት ቀን ትኩሳት ይዟት "ሲክ ማዳም፣ ሲክ ማዳም" ትል ነበር። እሷ "አመመኝ ማዳም" ማለቷ ነው። ለሰሚው ግን "በሽተኛ ማዳም" ማለት ሆነ፤ ማዳሟም ተቆጣች። አሁን ያቺን ታሪክ ስታወራልን በሳቅ እንሞታለን፣ ያን ቀን ግን ያለቀሰችውን እሷ ናት የምታውቀው። የሰውነት ክፍል ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ያ ክፍል ራሱ ይሆናል፦ "ማይ ስቶመክ ኸርትስ"፣ ሆዴን አመመኝ። ለአምቡላንስ ስትደውሉ የታመመውን ሰው አስቀድሙ፦ "ዘ ቤቢ ኢዝ ሲክ።" አለበለዚያ ስለ ማን እንደምታወሩ ሲጠይቋችሁ ጊዜው ይሄዳል።

ባለቤቱ የሚደበቅበት አንድ ቦታ ትእዛዝ ነው። "ክሊን ዘ ኪችን" ስትባይ የተደበቀው ባለቤት "ዩ"፣ አንቺ ነሽ። ስለዚህ "ወጥ ቤቱን አጸዳሁ" ለማለት ፈልገሽ "ክሊን ኪችን" ብትያት ማዳምን እያዘዝሻት ነው! "አይ ክሊንድ ዘ ኪችን" በያት።

ወደ ኮንትራቱ ልምጣ፣ ዋናው የፈለግሁት እሱን ነውና። የሥራ ውሎቻችን ብዙ ጊዜ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። እንዲህ የሚል አገኛችሁ እንበል፦ "ዘ ኤምፕሎየር ሻል ፔይ ዘ ሳላሪ ኦቭ ዘ ወርከር ኤቭሪ መንዝ።" ባለቤቱ ኤምፕሎየር፣ አሠሪው ነው። ግሱ "ሻል ፔይ" ነው፤ ረዳት ቃሉ ከግሱ ጋር አብሮ ይቆጠራል። ደግሞም ረዳቱን ልብ በሉት። "ሻል" ግዴታ ነው። በሱ ቦታ "ሜይ" ካለ ግን ከፈለገ ይችላል ማለት ነው እንጂ አይገደድም። አንዲት ትንሽ ቃል ደሞዝን ችሮታ ታደርገዋለች።

ቀጥሎ ይሄን እዩ፦ "ዘ ቲኬት ኦቭ ዘ ወርከር ሻል ቢ ፔይድ።" ደስ ይላል አይደል? ቲኬቱ ይከፈላል። ግን ባለቤቱን ፈልጉት፤ ቲኬት ነው። ቲኬት ራሱን አይከፍልም። ማን ይክፈል? አልተጻፈም። "ባይ ዘ ኤምፕሎየር" የሚል ከተከተለ አሠሪው ነው፤ "ባይ ዘ ወርከር" ካለ እኛው ነን፤ ምንም ከሌለ ከመፈረማችሁ በፊት "ሁ ዊል ፔይ?" ብላችሁ ጠይቁና ስሙ እንዲጻፍ አድርጉ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ብታሳዩም ጥሩ ነው።

ስለ መብታችን የሚነገረውንም በዚሁ ዓይን ማንበብ ይቻላል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣው 189ኛው ስምምነት፣ ሠራተኛዋ የሥራዋን ሁኔታ በቀላሉ በሚገባት መንገድ እንድታውቅ፣ ፓስፖርቷንም በእጇ እንድትይዝ ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አንቀጾቹ አብዛኞቹ የሚጀምሩት "ኢች ሜምበር ሻል" ብለው ነው። ሜምበር ማለት አባል አገር ነው። ስለዚህ ግዴታው የተጣለው ስምምነቱን በተቀበለው መንግሥት ላይ ነው፤ ማዳምን የሚይዛት ያለችበት አገር የራሱ ሕግ ነው። "ስምምነት አለ" ብላችሁ ብቻ ከመከራከራችሁ በፊት የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ጠይቁ።

መልመጃ። ባለቤቱንና ግሱን ብቻ አውጡ።
1. ዘ ብራዘር ኦቭ ማይ ማዳም ሊቭስ ኢን ሻርጃ።
2. ዘ ክሎዝስ ኢን ዘ ባስኬት አር ዌት።
3. ዜር ኢዝ ኖ ሚልክ ኢን ዘ ፍሪጅ።
4. ክሎዝ ዘ ዊንዶው።
5. ማይ ሳላሪ ሃዝ ኖት ካም።

መልስ (ሳትሞክሩ እንዳታዩ!)፦ 1. ብራዘር፣ ሊቭስ። 2. ክሎዝስ፣ አር። 3. ሚልክ፣ ኢዝ፤ "ዜር" ቦታ መያዣ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም፣ ባለቤቱ ከግሱ ኋላ መጥቷል። 4. የተደበቀው ዩ፣ ክሎዝ። 5. ሳላሪ፣ ሃዝ ካም፤ "ኖት" ከግሱ አይቆጠርም። ይቺን አምስተኛዋን ግን በቃላችሁ ያዟት።