የተበላ የዘይት ማፍሰሻ ጥርስ፡- መንስኤውና ጥገናው

የቆየ ሞተር ሳይክል ዘይት ሲቀየር የማፍሰሻው ቡሎን ይዞራል፣ ይዞራል፣ ግን አይጠብቅም፡፡ ብዙ ሰው “ቡሎኑ ተበላ” ብሎ አዲስ ይገዛል፡፡ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ላይ ነው፡፡ ቡሎኑ ብረት፣ የሞተሩ የታችኛው አካል ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀድሞ የሚበላው ለስላሳው ነው፡፡

መንስኤው ምንድን ነው? ዘይቱን ከመፍሰስ የሚያግደው ጥርሱ ሳይሆን ሮንዴላው ነው፡፡ የጥርሱ ሥራ ሮንዴላውን አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው፡፡ ያረጀ ሮንዴላ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ግን “ትንሽ ላጥብቀው” እንላለን፡፡ በየዘይት ቅየራው እንዲህ ሲደረግ ጥርሱ ያልቃል፡፡

በክር ወይም በቴፍሎን ጠቅልሎ መግጠም መፍትሔ አይደለም፡፡ እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ያለ ሞተር የሚይዘው ወደ 1 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፡፡ ቡሎኑ መንገድ ላይ ቢወልቅ ሞተሩ ይነክሳል፣ የኋላ ጎማው በድንገት ይቆማል፣ ነጂውም ይወድቃል፡፡

አስተማማኙ ጥገና ሄሊኮይል የሚባለውን የብረት ሽቦ ጥርስ ማስገባት ነው፡፡ አሠራሩም፡-

1. የቡሎኑን መጠን መለካት፡፡ በብዙ የሆንዳ ሞተሮች ውፍረቱ 12፣ የጥርሱ ርቀት (ፒች) 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፡፡

2. ዘይቱን ጨርሶ ማፍሰስ፡፡ ከሄሊኮይሉ ጋር የሚመጣውን ፑንታ ግራሶ ቀብቶ ቀጥ አድርጎ መብሳት፡፡ ግራሶው ብናኙን ይይዛል፡፡

3. በታፑ አዲስ ጥርስ ማውጣት፡፡ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያሉ፣ ቶሎ ቶሎ እያወጡ መጥረግ ነው፡፡

4. ሄሊኮይሉን ከቀዳዳው አፍ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ዝቅ እስኪል ማስገባት፡፡ ከዚያ ጫፉ ላይ ያለችውን ምላስ በቀጭን ፒንሳ ሰብሮ ማውጣት፡፡ ውስጥ ከቀረች ሞተሩን ትጎዳለች፡፡

5. በዘይት መሙያው ጥቂት ንጹህ ዘይት ጨምሮ ብናኙን አጥቦ ማፍሰስ፡፡

በመጨረሻ አዲስ ሮንዴላ ይደረጋል፡፡ ሮንዴላው የሰፋውን ቀዳዳ አልፎ ጠርዙ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ዘይት በሄሊኮይሉ ዙሪያ ሊያልፍ ይችላል፡፡ ቡሎኑ መጀመሪያ በእጅ ይገባል፡፡ ከዚያ በቶርክ ሬንች ማኑዋሉ በሚለው ልክ ይጠብቃል፡፡ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሳሽ መኖሩን ዝቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፡፡

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያድነን በየዘይት ቅየራው ሮንዴላውን መቀየር ነው፡፡ የሚያፈስ ቡሎን ስናይ ጉልበት ከመጨመራችን በፊት ሮንዴላውን እንይ፡፡