ራቅ ሲል የሚደበዝዘው መሬት

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በመኪና ውድድር ጌም ላይ አስፋልቱ ከጎማው ሥር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ራቅ ሲል ግን ነጩ መስመር ከአስፋልቱ ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ይሆናል። የቴክስቸር ጥራቱ እስከ መጨረሻው ከፍ ቢልም ለውጥ የለም። ለምንድን ነው?

መላሽ፦ ሩቅ ላይ የሚታየው ዋናው ቴክስቸር ስላልሆነ ነዋ። ጌሙ ለእያንዳንዱ ቴክስቸር እያነሱ የሚሄዱ ቅጂዎች ይይዛል፤ 1024 በ1024 የነበረው 512፣ ከዚያ 256 እያለ እስከ አንዲት ነጥብ ይወርዳል። ሚፕማፕ ይሉታል፤ ላንስ ዊልያምስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ቢጠፋ አይሻልም?

መላሽ፦ ይብሳል እንጂ! ሩቅ ቦታ ላይ አንድ ፒክስል ብዙ የቴክስቸር ነጥቦችን ይሸፍናል። ሳይዋሐዱ አንዱ ብቻ ከተወሰደ፣ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሌላው እየተመረጠ መሬቱ ሁሉ ይብለጨለጫል። ከዚያ ብዥታው ይሻላል። ቅጂዎቹ የሚጨምሩት ሜሞሪም የዋናውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ እኩል የራቀው ግድግዳስ ለምን አይደበዝዝም?

መላሽ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ። ፊት ለፊት በሚታይ ግድግዳ ላይ አንድ ፒክስል የሚሸፍነው ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን የሚመስል ቦታ ነው። መሬት ግን ተጋድሞ ስለሚታይ፣ ያው ፒክስል ወደ ጎን ጠባብ፣ ወደ ፊት ረጅም ቦታ ይይዛል። በ1024ቱ ቴክስቸር ላይ ወደ ጎን 2፣ ወደ ፊት 16 ነጥብ ሸፈነ እንበል። የተለመደው ትራይሊኒየር ፊልተሪንግ የሚለካው በረጅሙ በኩል ነው፤ ስለዚህ 64 በ64 የሆነውን ቅጂ ያነሳል፤ ነጩን መስመር የሚበላውም ይኸው ነው። አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግ በጠባቡ በኩል ለክቶ 512ቱን ቅጂ ያነሳና፣ በርዝመቱ ላይ 8 ናሙና ወስዶ አማካያቸውን ያወጣል። መስመሩም ሳይብለጨለጭ ይመለሳል።

ጠያቂ፦ ሴቲንግ ውስጥ 2፣ 4፣ 8፣ 16 የሚለው እሱ ነው?

መላሽ፦ አዎ፤ ቁጥሩ ርዝመቱ ከስፋቱ እስከ ስንት እጥፍ ቢሆን እንደሚሸፈን ይወስናል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ካለ 16 ላይ አድርጎ መርሳት ነው። ግራፊክሱ ዋናውን ራም በሚጋራ ላፕቶፕ ላይ 8 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት የሚታየው በጣም በተጋደመ መሬት ላይ ብቻ ነው። ምርጫው በጌሙ ውስጥ ከሌለ፣ የካርዱ ሶፍትዌር ላይ ይገኛል፤ ግን ከውጭ የመጣውን ትእዛዝ የማይቀበሉ ጌሞች አሉ።

ጠያቂ፦ ከዚያም በኋላ ብዥ ቢልስ?

መላሽ፦ መጀመሪያ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ መጥፋቱ ይታይ፤ እሱ ሆን ብሎ ሩቁን ያደበዝዛል። የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ከሆነ ጌሙ ትልልቆቹን ቅጂዎች መጫን ያቅተዋል፤ ያኔ የቴክስቸር ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ መሬቱን ሊያጠራው ይችላል። ምስሉን የሚያሳድጉት ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር ሲበሩ ደግሞ ጌሙ የሚሳለው በአነስተኛ ሪዞሉሽን ነው፤ 1080 ተስሎ ወደ 2160 የሚያድግ ከሆነ፣ የቅጂው ምርጫ አንድ ደረጃ ወደ ትልቁ ካልተገፋ መሬቱ ይፈዛል።

ጠያቂ፦ ስካይሪም በሚባለው ጌም ላይ የሚደበዝዙት ሩቅ ተራሮችስ?

መላሽ፦ እነዚያ ሌላ ናቸው። ስካይሪም ለሩቅ መሬት ለብቻው የተዘጋጀ፣ ጥራቱ ያነሰ ምስል ይጠቀማል። እዚያ ፊልተሪንግ የሚያወጣው ዝርዝር ስለሌለ፣ ፋይሉን ራሱን በሞድ መተካት ያስፈልጋል።