ዘር፣ አጨዳና ብልጽግና

የብልጽግና ወንጌል የሚባለው ትምህርት ዋና ምሳሌውን የወሰደው ከገበሬ ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ኦራል ሮበርትስ በተለይ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባስፋፋው አነጋገር፣ ለአገልግሎት የሚሰጥ ገንዘብ «ዘር» ነው፤ ሰጪውም ጤናና ሀብት ያጭድበታል። ዛሬ በአዲስ አበባ አዳራሾች ይህ ቃል ለማንም እንግዳ አይደለም። መኪናውና ሱፉ የበረከት ምስክር ይሆናሉ፤ የሌለው ሰው ግን በድህነቱ ላይ የእምነት ጉድለት ይታከልበታል። በ1964 ዓ.ም. የታሰሩት የሙሉ ወንጌል አማኞች፣ ብዙዎቹም ተማሪዎች፣ ያጨዱት ወህኒን እንደ ነበረ ማን ያስታውሳል?

እኛ ግን ዘርን በዘርነቱ እንመርምረው ብለን ወደ መተማ ቆላ እንወርዳለን። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ የአማራ ክልል ፕሮቴስታንት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ ስለዚህ የምንፈልገው ስብከቱን ሳይሆን አዝመራውን ነው።

በመተማና በቋራ የሚዘራው ሰሊጥ በመስከረምና በጥቅምት ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ከደረቀ ሽፋኑ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ በእጅ መታጨድ አለበት። ስለዚህ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ እጅግ ብዙ ወጣት ይወርዳል። ሳሉግ የሚባለው፣ ወቅት እየተከተለ የሚዞረው ሠራተኛ፣ ከማሳው ዳር ያድራል፤ ወባና የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው ካላዛር ይጠብቁታል። እርሱም ይጸልያል፣ ይሳላል፣ ስለቱንም ያገባል። ሒሳቡ ግን የሚወሰነው በዝናቡ፣ በመሬቱ ኪራይ፣ በአጫጁ ብዛትና በዓለም ገበያ ዋጋ ነው። (ያገኛትንም አንዳንዴ አገሩ ሳይገባ ገንዳ ውኃ ላይ በጫማና በሞባይል ይጨርሳታል። አንፈርድበትም፤ ቆላ ወርዶ መመለሱን ለዘመድ የሚያሳየው በዚሁ ነው።)

ፖለቲካውም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ገዥው ፓርቲ ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲመሠረት ብልጽግና ተባለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጴንጤቆስጣዊ በመሆናቸው ስሙን ከወንጌሉ ጋር የሚያያይዙ አሉ። የስሙ ክርክር እኛን ብዙ አያሳስበንም። የሚያሳስበን፣ ድህነትን የአስተሳሰብ ጉድለት ብቻ የሚያደርግ ንግግር ከአትሮንስም ከፖለቲካ መድረክም ሲሰማ፣ መሬቱ የማን ነው፣ ደመወዙንስ ማን ይቈርጣል የሚለው ጥያቄ መረሳቱ ነው። ይህን ጥያቄ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ አወጡት። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ። ዛሬ በመተማ ሰፋፊውን እርሻ ባለሀብቱ ከመንግሥት ተከራይቶ ያርሳል፤ አጫጁም ዛሬም የሚያጭደው የሌላ ሰው ሰሊጥ ነው።