የጨዋታውን ሠሪ ፍለጋ
አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሳንቲም የሚሠሩ የአዳራሽ ቪዲዮ ጨዋታዎችን ለቤት መጫወቻው ሲያዘጋጅ፣ የፕሮግራመሮቹን ስም በማሸጊያው ላይ አያሰፍርም ነበር። የመጫወቻው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ 128 ባይት ብቻ በመሆኑ ጨዋታውን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ ፕሮግራመሩ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት። ታዲያ የዚህ ድካም ባለቤት በምን ይታወቃል?

አንዱ ማስረጃ በፕሮግራሙ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የ«ሚሳይል ኮማንድ» የቤት ቅጂ፣ በ13ኛው የጨዋታ ምርጫ ተጫዋቹ አንዳች ነጥብ ሳያገኝ ሚሳይሎቹን ቢጨርስ፣ ከከተሞቹ አንዷ «አር» እና «ኤፍ» ወደተባሉት የላቲን ፊደላት ትለወጣለች። እነዚህም የሠሪው የሮብ ፉሎፕ ስም መነሻዎች ናቸው።

ስለሆነም ተመራማሪው ማሸጊያው የዘለለውን ስም በካርትሪጁ ውስጥ ከተጻፈው ኮድ፣ ባይት በባይት እያነበበ ሊያገኘው ይችላል።