የኃያላን ፉክክርና የወንድማማቾች መለያየት



ከዱከም ተነሥተን በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ወደ ምሥራቅ ብንሄድ ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፈን ድሬዳዋ እንደርሳለን። ይህ መስመር በ1969 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ተቆርጦ ነበር። ወደዚያ ያደረሰውን ነገር መመርመር የኮሚኒስቱና የዴሞክራሲው ጎራ ፉክክር ሕዝብን እንዴት ሊከፋፍል እንደሚችል ያስረዳናል።

1. የሆነው ነገር

ኢትዮጵያ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራረመች። አሜሪካ በአስመራ የቃኘውን የመገናኛ ጣቢያ ያዘች፤ ለሠራዊታችንም መሣሪያና ሥልጠና ሰጠች። ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ የዚያድ ባሬን ሶማሊያ ታስታጥቅ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደርግ የሶሻሊዝምን መንገድ መረጠ፤ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቃኘውን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ዋና ምድቡ በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) የነበረው አየር ኃይላችን በአሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ሲዋጋ፣ የሶማሊያ አብራሪዎች የያዙት የሶቪየት ሚግ ነበር።

በኅዳር 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች። ሶቪየት ኅብረት በብዙ መሣሪያ፣ ኩባም በሺህ በሚቆጠሩ ወታደሮች ኢትዮጵያን ረዱ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ በበርበራ ወደብ ለመጠቀም ከሶማሊያ ጋር ተስማማች። እንግዲህ ኃያላኑ ቦታ ተለዋወጡ፤ ከሁሉ ይልቅ የሞቱት ግን የኢትዮጵያና የሶማሊያ ልጆች ናቸው።

2. ስንጥቁ ከየት መጣ?

ጥፋቱን ሁሉ በባዕዳን ላይ ብንጭን ግን እውነትን አንናገርም። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ማርክሳውያን ነን ይሉ ነበር፤ ሆኖም በከተሞቻችን ተገዳደሉ፤ ደርግም በቀይ ሽብር ወጣቱን ፈጀ። «ፀረ አብዮት» የሚል ስም መለጠፍ ብቻ ለመግደል በቂ ምክንያት ሆነ። ሶቪየት ኅብረት በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ከፈረሰች በኋላም ቢሆን ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን የሀገራችን ክፍል ደም ፈሷል። ስለዚህ የኃያላን ፉክክር ስንጥቁን አሰፋው፤ መሣሪያም ሞላበት እንጂ እርሱ ብቻውን አልፈጠረውም።

3. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ነቢዩ ኢሳይያስ (ምዕራፍ 31) በአሦር የተፈራረቀችው ይሁዳ በግብፅ ፈረሶችና ሠረገሎች እንዳትታመን አስጠንቅቋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሁለቱ ጎራዎች ግጭት በማደግ ላይ ያሉትን ሀገሮች ከፋፍሎ እስከ እርስ በርስ ጦርነት ሊያደርሳቸው እንደሚችል አስተምረዋል። ይህም ነጻነትና አምባገነንነት እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ በሀገሩ ጉዳይ መሳተፉን ትደግፋለች። ነገር ግን የትኛውም ሥርዓት፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሰውን መሣሪያ ሊያደርግ አይገባውም፤ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥሯልና።

4. ለውይይት

ሀ. ዛሬ በአካባቢያችን ሰውን ከሰውነቱ በታች የሚያደርጉ የትኞቹ ቅጽል ስሞች ይነገራሉ? እኛስ እንናገራቸዋለን?

ለ. በዚያ ዘመን ልጁን ያጣ ቤተ ሰብና የገዳዩ ቤተ ሰብ በአንድ ቁምስና ቢገኙ፣ እውነትን ሳንሸፍን እንዴት እናስታርቃቸዋለን?

ሐ. በኦጋዴን ስለ ወደቁት ወገኖቻችን ስንጸልይ፣ በወዲያ በኩል ስለ ወደቁትስ እንጸልያለንን?

የመጨረሻውን ጥያቄ ቸኩለን አንለፈው። ጠላት ለተባለ ሰው ነፍስ መጸለይ የሚከብደው ልብ፣ ነገ ሌላ ኃያል መጥቶ ሲያስታጥቀው በቀላሉ ይሰለፋልና።