ስለ አዲሱ ሸርሎክ ሆምስ የመጀመሪያ ክፍል የቀረበ ጥናት

በተከታታይ የሚቀርብ ድራማ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ሁለተኛውን ክፍል ለማየት የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ወዳጅ ሆኗል ፤ የመጀመሪያውን የሚያይ ግን ገና እንግዳ ነውና ቢሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ድራማ አጻጻፍ አንድ ነገር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ፥ ስለ ድራማ በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ አንድ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ መርጬ እንደ ቅርጫ ሥጋ በየብልቱ ለይቼ ለማየት አሰብሁ። የመረጥሁትም የእንግሊዝ አገር ማሰራጫ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. ሐምሌ 18 ቀን 2002 ዓ.ም. ፥ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 25 ቀን 2010 ፥ እሑድ ማታ ያሳየውን «ሸርሎክ» የተባለውን ድራማ ነው።

ሰዓቱ በሎንዶን ከምሽቱ 3 ሰዓት ፥ በአዲስ አበባ ደግሞ 5 ሰዓት ነበር። በዚያ አገር ሐምሌ የበጋ ወር ስለሆነ ሰው ከቤት ውጭ ማምሸት ይወድዳል ፤ የቴሌቪዥን ድርጅቶችም አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ሥራቸውን ለዚህ ወራት አያስቀምጡም። ይሁን እንጂ ያን ማታ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ድራማውን ተመለከተ ፤ ቀድቶ ቈይቶ ያየው ሲጨመርበት ቍጥሩ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ተመልካቹም ዝም ብሎ አልተኛም። ሰው ያየውን ለወዳጁ ለመንገር ቸኰለ ፤ አንዱ የመርማሪውን ብልሃት ፥ ሌላው የሐኪሙን ትዕግሥት ፥ ሌላው ደግሞ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ እየተንሳፈፉ የሚያልፉትን ፊደላት ያደንቅ ነበር። በዚያ በጋ የታዩት ሦስት ክፍሎች ብቻ ሲሆኑ ፥ ሦስተኛው ታሪኩን አንጠልጥሎ ስላቆመው ወዳጆቹ ቀጣዩን ለማየት እስከ ጥር 2012 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ይህን ሁሉ ደስታ ያመጣው ምንድን ነው? ጥናቴ ይህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ፥ ሸርሎክ ሆምስን የፈጠረው አርተር ኮናን ዶይል የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም ነው። በኤዲንብራ ከተማ ሕክምና ሲማር ጆሴፍ ቤል የሚባል መምህር ነበረው። ይህ መምህር በሽተኛው ገና አፉን ሳይከፍት ከእጁ ፥ ከአረማመዱና ከልብሱ ተነሥቶ ሥራውንና የመጣበትን ስፍራ መናገር ይችል ነበር ይባላል። ዶይል መምህሩን አስታውሶ የጻፈው የመጀመሪያው የሆምስ ታሪክ በ1887 እ.ኤ.አ. ታተመ። የወጣውም እንደኛ መጽሔት በዓመት አንድ ጊዜ ፥ ያውም ለገና ፥ በሚታተም መጽሔት ላይ ነበር። ለሙሉ መብቱ የተከፈለው 25 ፓውንድ ብቻ ነው። (የኛ መጽሔት ጸሐፊዎች ይህንንም አናገኝም ፤ ነገር ግን ተስፋ አለን።)

አዲሱን ድራማ የፈጠሩት ስቲቨን ሞፋትና ማርክ ጌቲስ ናቸው። ሁለቱ «ዶክተር ሁ» ለተባለው ድራማ ይጽፉ ስለነበር ከሎንዶን ወደ ካርዲፍ በባቡር ይመላለሱ ነበር ፤ በመንገድ ላይም ስለ ሆምስ ሲጨዋወቱ አሳቡ ተወለደ። አሳባቸውም ይህ ነው። ዛሬ ሆምስን ስናስብ ጭጋግ ፥ የጋዝ መብራትና የፈረስ ጋሪ ይታየናል። ለመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ግን ሆምስ የጥንት ሰው አልነበረም ፤ በዘመኑ ፈጣን የነበረውን ቴሌግራምና ባቡር የሚጠቀም የዕለቱ ሰው ነበር። እንግዲህ ለመጽሐፉ ታማኝ መሆን ማለት ጋሪውን መጠበቅ ነው ወይስ የዕለቱን ሰው መጠበቅ? እነርሱ ሁለተኛውን መረጡ። በቴሌግራም ፈንታ የሞባይል መልእክት ገባ ፤ ሐኪሙ የሚጽፈው ማስታወሻ በኢንተርኔት የሚወጣ ሆነ። በመጽሐፉ ሆምስ አንድ ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ሦስት ፒፓ ትምባሆ የሚያስጨርስ ነው ይላል ፤ አዲሱ ሸርሎክ ትምባሆ ለማቆም የሚለጠፈውን መድኃኒት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ክንዱ ላይ ይለጥፋል።

አንድ ነገር ግን መለወጥ አላስፈለጋቸውም። በመጽሐፉ ሐኪሙ ዋትሰን በአፍጋኒስታን ጦርነት ቈስሎ የተመለሰ ወታደር ነው ፤ የቈሰለበትም የማይዋንድ ጦርነት የተደረገው ጁላይ 27 ቀን 1880 ነበር። ድራማው ሲታይ ያ ቀን 130 ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። በ2010ም የእንግሊዝ ወታደሮች እዚያው አፍጋኒስታን ይዋጉ ስለነበር አዲሱ ጆን ዋትሰንም ከዚያው ቈስሎ መጣ። ጋሪው ፥ ቴሌግራሙና ፒፓው ሁሉ ተለውጠው ያልተለወጠው ጦርነቱ ብቻ መሆኑ ፥ ለእኔ ከመርማሪው ብልሃት ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረ ነገር ነው። ድራማው የሚከፈተውም በዚሁ ሐኪም ቅዠት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አንባቢ ሆይ ፥ የድራማው ስም «ሸርሎክ» ሆኖ ሳለ ሸርሎክ መጀመሪያ ላይ አይታይም። አስቀድመን የምናየው ብቸኛውን ሐኪም ነው። ቀጥሎ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ፥ አንዱ በሌላው ላይ ፥ ተመሳሳይ መርዝ ውጠው ይሞታሉ። ፖሊሱ ሌስትሬድ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ በስፍራው ያለው ሞባይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንጫረራል ፤ መልእክቱም አንዲት ቃል ናት ፤ «ስሕተት!»። ሌስትሬድ ይቀጥላል ፤ ሞባይሉ ደግሞ ይንጫረራል። እስካሁን ሰውዬውን አላየነውም ፤ ነገር ግን ትዕቢቱን ፥ ፍጥነቱንና ከፖሊስ የበለጠ ማወቁን ተረድተናል። በአገራችንም ሠርግ ላይ ሙሽራው ሳይደርስ ሆታው አስቀድሞ ይሰማ የለምን? ይህም እንዲሁ ነው። እኛ በክበባችን ድራማ ስንጽፍ ዋናውን ሰው መጋረጃው እንደተገለጠ መካከል ላይ አቁመን ስሙንና አሳቡን ሁሉ እናስለፈልፈዋለን ፤ ከዚህ ብንማር ጥሩ ነው።

ፊደላቱን በምስሉ ላይ ማንሳፈፍ የፖል ማክጊገን ፥ የዳይሬክተሩ ፥ አሳብ ነበር። ተዋናዩ ሞባይሉን ሲያነብ ካሜራው ወደ ትንሿ መስታወት ከመሄድ ይልቅ ቃሉ ራሱ በአየር ላይ ይጻፋል ፤ ዓይናችን ከተዋናዩ ፊት አይለይም። በዚያው መንገድ የሸርሎክ አሳብ ራሱ ይጻፋል ፤ የሟቿን ቀለበት ሲያይ ውጭው ቆሻሻ ፥ ውስጡ ንጹሕ መሆኑን እኛም እናነብባለን። ቀለበቱ የሚጸዳው በየጊዜው ሲወልቅ ብቻ ነው ፤ እንግዲህ ሴትዮዋ ለምን እያወለቀችው ነበር? ተመልካቹ ተቀምጦ የሚያጨበጭብ መሆኑ ቀርቶ አብሮ የሚመረምር ይሆናል። ደስታው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሰው ሁሉ የማያውቀው ፥ ይህ ክፍል ሁለት ጊዜ መሠራቱን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በሌላ ዳይሬክተር የተዘጋጀ 60 ደቂቃ የሚፈጅ ክፍል ተቀርጾ ነበር። ቢ.ቢ.ሲ. ግን ሦስት የ90 ደቂቃ ክፍሎች እንዲሆኑ ስለፈለገ ያ ክፍል ለሕዝብ ሳይታይ ተቀምጦ ሁሉም እንደገና ተሠራ። የፊተኛው በኋላ ከዲስኩ ጋር ስለወጣ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ጃንጥላ የያዘው ምሥጢረኛ ሰው በፊተኛው ውስጥ የለም። በሁለተኛው ግን ይህ ሰው ጆንን በመኪና አስወስዶ በባዶ መጋዘን ያነጋግረዋል። መጽሐፉን ያነበበ ተመልካች «አወቅሁት ፤ ትልቁ ጠላት ይህ ነው» ይላል ፤ መጨረሻ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ማለት ካላነበበው ይልቅ ያነበበው የበለጠ ይታለላል። ያንን ሰው ሆኖ የሚጫወተውም ከደራሲዎቹ አንዱ ማርክ ጌቲስ መሆኑ የሚያስቅ ነው።

ከክፍሉ ሁሉ ለትምህርት የሚጠቅመው የሞባይሉ ታሪክ ነው። በመጽሐፉ ፥ በ1890 በወጣው በሁለተኛው ታሪክ ፥ ዋትሰን አንድ የኪስ ሰዓት ለሆምስ ይሰጠዋል ፤ ሆምስም ሰዓቱ የሰካራም ወንድሙ እንደነበረ ይነግረዋል። ምክንያቱም ቍልፍ ገብቶ በሚጠመዘዝበት ቀዳዳ ዙሪያ ብዙ ጭረት አለ ፤ የጨዋ ሰው እጅ እንዲህ አይንቀጠቀጥም። በአዲሱ ድራማ ሰዓቱ ሞባይል ሆነ ፤ ጭረቱም የቻርጅ ገመድ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ሆነ። ሸርሎክ እንዲህ ያስባል። ቤት ተከራይቶ የሚካፈለው ሰው የሚፈልግ ድኻ ይህን ውድ ሞባይል አይገዛም ፤ ስለዚህ ስጦታ ነው። ጆን ዕቃውን ከሳንቲምና ከቍልፍ ጋር በአንድ ኪስ አይከትትም ፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሌላ ሰው ነበር። በጀርባው ከክላራ ለሃሪ ዋትሰን የተሰጠ መሆኑ ተቀርጿል ፤ ስለዚህ የዘመድ ነው። ቀዳዳው ተጫጭሯል ፤ ስለዚህ ባለቤቱ ጠጪ ነው። መደምደሚያውም «ሃሪ ሰካራም ወንድምህ ነው» የሚል ነው።

መጽሐፉ ላይ ሆምስ ልክ ነበር። በአዲሱ ግን ሃሪ ወንድም አይደለም ፤ ሀሪየት የምትባል እኅት ናት። ሁለቱ ደራሲዎች ዝነኛውን ምርመራ ወስደው አንድ ስሕተት ሆን ብለው አስገቡበት። ስሕተቱ ከየት መጣ? ምልክቶቹን ሁሉ በሚገባ አይቷል። ነገር ግን ሳይናገር ፥ ምናልባትም ሳያስበው ፥ «ሃሪ የወንድ ስም ነው» የሚል አንድ መነሻ በመካከል አስገብቷል። በእኛ አገር በአንድ ቀለበት ላይ «ለፀሐይ» ወይም «ለገነት» ተብሎ ተቀርጾ ብናገኝ ባለቤቱ ወንድ ይሁን ሴት ከስሙ ብቻ ማን ያውቃል? በሎጂክ ትምህርት እንደተማርነው ፥ ከአጠቃላይ ሕግ ተነሥቶ ወደ አንዱ ነገር የሚወርድ አሳብ ሕጉ እውነት እስከሆነ ድረስ አይሳሳትም። ሆምስ የሚያደርገው ግን ያንን አይደለም ፤ ከምልክት ወደ ምክንያት ይሄዳል። አንድ ምልክት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እጅጌው ላይ ጠመኔ ያለበት ሰው መምህር ሊሆን ይችላል ፤ ሰሌዳ ያጸዳ ተማሪም ሊሆን ይችላል ፤ ግድግዳ የተደገፈ መንገደኛም ሊሆን ይችላል። ሸርሎክ በፍጥነትና በድፍረት ስለሚናገር ሌሎቹን ምክንያቶች ለማሰብ ፋታ አይሰጠንም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ጨዋታ አለ። በመጽሐፉ ሬሳው አጠገብ «ራኸ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል ፤ ፖሊሱ «ራሄል ብሎ ሊጨርስ ነበር» ሲል ሆምስ ይሥቅበትና ቃሉ በጀርመንኛ «በቀል» ማለት እንደሆነ ያስተምረዋል። በአዲሱ ድራማ በጀርመንኛ በቀል ማለት ነው የሚለው የፖሊሱ ባልደረባ ነው ፤ ሸርሎክ በሩን ይዘጋበትና «ራሄል» የሚለውን ይይዛል። መጽሐፉን የማያውቅ ምንም አይጐድልበትም ፤ የሚያውቅ ግን ሁለት ጊዜ ይሥቃል።

ጉድለት የለውም አልልም። ነፍሰ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ላላዩት ጓደኞቼ ስል አልጽፍም ፤ ነገር ግን ሸርሎክ ራሱ «በሕዝብ መካከል እያደነ ማንም የማያስተውለው ማን ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ መልሱን የሚያገኘው ከብዙ ተመልካቾች ዘግይቶ ነው። ያን ያህል ፈጣን የተባለ ሰው በዚህ መዘግየቱ አይታመንም። ደግሞም አንዳንድ ወዳጆቹ ከብልሃቱ ይልቅ ስድቡን መውደዳቸው አይገባኝም። ሰውን ደደብ ማለት ማንም ይችላል ፤ ቀለበቱን አገላብጦ ማየት ግን ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በክበባችን ዘንድሮ አያቶቻችን የሚተርኩትን አንድ ተረት በዛሬይቱ ከተማ አድርገን እንጻፍ ያልን ነበርን ፤ ሌሎች ደግሞ የአባቶችን ቅርስ ማበላሸት ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ ፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ተረቱን ማንም ከመንካቱ በፊት ሁላችን በቃላችን እንወቀው ፤ ሞፋትና ጌቲስ መጽሐፉን ጠንቅቀው ባያውቁ ኖሮ ሰዓቱን ወደ ሞባይል መለወጥ ባልቻሉም ነበር። የምንጽፈውም የመጀመሪያ ክፍል ካልጣመ እንደ እነርሱ አስቀምጠን እንደገና እንሥራው።

እስከዚያው ግን ይህን መልመጃ ሞክሩ። በቤተ መጻሕፍታችን ጠረጴዛ ሥር ስም የሌለው ደብተር ወድቆ ተገኘ እንበል። የላይኛው ቀኝ ጠርዙ በዘይት ወይቧል ፤ ከመካከሉ ሦስት ገጾች ተቀድደዋል ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ የአውቶቡስ ሒሳብ በእርሳስ አምስት ጊዜ ተደምሮ ተጽፏል ፤ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው ነው? ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ሳትናገሩ ያስገባችሁትን መነሻ ጽፋችሁ በክበቡ ሣጥን ክተቱ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገራችሁ ፤ ባለቤቱ በግራ እጁ የሚጽፍ አይደለም።